«እንደውልላችኋለን» ከተባላችሁ በኋላ፦ ከጅማ ሆነው ድራማ ለሚጽፉ

በእኛ አገር ድርሰት «አልተቀበልነውም» የሚል ደብዳቤ ተለጥፎበት አይመለስም። ቢመለስማ ጥሩ ነበር፤ ቁርጥን አውቆ ሌላ በር ማንኳኳት ይቻላል። የተለመደው «አይተን እንደውልላችኋለን» ነው። ከዚያ ዝም። ወር ያልፋል። ስትደውሉ «ስብሰባ ገብተዋል» ትባላላችሁ። ደግማችሁ ስትደውሉ ድርሰቱን የተቀበሉት ሰው ወደ ሌላ ክፍል ተዛውረዋል። ድርሰቱ ተከትሏቸው ይሂድ፣ መሳቢያ ውስጥ ይቅር የሚያውቅ የለም።

አዲስ አበባ ያለ ጸሐፊ ቢብስበት በታክሲ ሄዶ ደጅ ይጠናል። ጅማ ላለ ሰው ግን ነገሩ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሌሊት ተነስቶ መናኸሪያ መውረድ፣ ቀኑን መንገድ ላይ መዋል፣ የአልጋ፣ የምግብ፣ ከዚያ በር ላይ «ቀጠሮ አለህ ወንድሜ?»። ስለዚህ ከጅማ የሚጽፍ ሰው እምቢታን የሚይዝበት ዘዴ ያስፈልገዋል።

ሰፈር ውስጥ የሚጽፉ ልጆች «እስቲ እየው» እያሉ ድርሰት ያመጡልኛል። ብዙዎቹ መጻፍ የሚያቆሙት ስለማይችሉ አይደለም። የደረሰባቸው እምቢታ ምን ዓይነት እንደሆነ ሳይለዩ ስለሚቀሩ ነው። አንዱ ምንም ያልጎደለውን ድርሰት ቀዶ ይጥላል። ሌላው ከሥሩ መነቀል ያለበትን ድርሰት አንድ ቃል ሳይነካ ለሌላ ጣቢያ ይልካል፤ ከዚያም ለሌላ።

እንግዲህ ደረጃ በደረጃ እንሂድ።

አንድ፦ ከመላካችሁ በፊት ማስረጃችሁን ያዙ

ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ቢሰርቁኝስ?» ብሎ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚጠብቀው የተጻፈውን ሥራ ነው፤ ባዶ ሐሳብን አይጠብቅም። «የቡና ነጋዴ ልጅ የአባቷን ባላንጣ ልጅ ወደደች» የሚለው ሐሳብ የማንም ነው። እናንተ የጻፋችሁት ትዕይንትና ቃለ ምልልስ ግን የእናንተ ነው። ጥበቃውም የሚጀምረው ከጻፋችሁበት ጊዜ አንስቶ ነው፤ ምዝገባን አይጠብቅም። በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ማስመዝገብ የሚጠቅመው ነገ ክርክር ቢነሳ ማስረጃ እንዲሆን ነው። እስከዚያው ሙሉውን ፋይል ለራሳችሁ ኢሜይል ላኩ፤ ቀኑ ተመዝግቦ ይቀመጣል።

ይህን ካደረጋችሁ በኋላ ስለ ስርቆት ማሰብ አቁሙ። ድርሰቱን ደብቆ የሚያስቀምጥ ሰው ማንም አይሰርቀውም፤ ማንም አያነበውምም።

ቀጥሎ የፊደሉ ጉዳይ። ትንሽ ነገር ትመስላለች፣ ግን ስንቱን ጉድ ሠርታለች። በፓወር ግዕዝ የተጻፈ የወርድ ፋይል ፊደሉ ያልተጫነበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የማይነበብ የምልክት ክምር ሊሆን ይችላል። ያ ሰው ደግሞ ደውሎ «አልተከፈተልኝም» አይላችሁም። ዘግቶት ወደሚቀጥለው ያልፋል። እናንተ ጅማ ተቀምጣችሁ «ጠሉኝ» እያላችሁ ታለቅሳላችሁ። ፒዲኤፍ አድርጉትና በቴሌግራም ለጓደኛችሁ ላኩት፤ በስልኩ ከፍቶ የመጀመሪያውን ገጽ ጮክ ብሎ ያንብብላችሁ። ካነበበላችሁ ተገላገላችሁ።

በአካል የምታስገቡ ከሆነ ሁለት ቅጂ ያዙ። አንዱን መዝገብ ቤት ይቀበላል፤ በሁለተኛው ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን አስመቱበት። ወደፊት ስትደውሉ «ያን ድራማ» ከማለት ቁጥሩን መጥራት ትችላላችሁ። ቁጥር ያለው ሰው እንደ ባለጉዳይ ይታያል።

አንድ ደብተርም ግዙ። ለእያንዳንዱ መላክ አንድ ገጽ፦ ርዕስ፣ ለማን፣ መቼ፣ የትኛው ቅጂ፣ ምን አሉ። «ምን አሉ» የሚለው ቦታ ላይ ያሉትን ቃል በቃል ጻፉ፤ የተሰማችሁን አትጻፉ። «ናቁኝ» አይጻፍም። «ብዙ ሰው አለበት አሉ» ይጻፋል። ደብተሩ ለደረጃ ሦስት ያስፈልገናል።

ሁለት፦ የሰማችሁ ዕለት እጃችሁን ሰብስቡ

እምቢታ ያማል። ዓመት የተለፋበትን ነገር አንድ ሰው በስልክ በግማሽ ደቂቃ ሲጥለው ሆድ ይብሳል። አያመኝም የሚል ሰው ወይ ይዋሻል ወይ አልለፋበትም።

ስለዚህ ያን ዕለት ምንም አትመልሱ። ፌስቡክ ላይ «ይህች አገር ለጥበብ…» የሚል ነገር አትለጥፉ። የድራማ ሰፈር ጠባብ ነው። ዛሬ በስም የሰደባችሁት ጣቢያ አንባቢ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ጣቢያ ኃላፊ ሆኖ ታገኙታላችሁ። የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ የተባለ ነገርም በስክሪንሾት ይዞራል።

ለአንድ ሰው ተናገሩ፤ ለአንድ ብቻ። እናታችሁ ብትሆን፣ የልብ ጓደኛ ቢሆን። «አይዞህ፣ እነሱ ምን ያውቃሉ» የሚል ሰው ለዚህ ቀን ጥሩ ነው፤ ለደረጃ አምስት ግን አይሆንም። ከዚያ ወጣ በሉ። አዌቱ ወንዝ ዳር ሂዱ፣ ኳስ እዩ፣ ቡና ጠጡ። ቡናውማ ጅማ ነን፣ አይጠፋም። ሦስት አራት ቀን ካለፈ በኋላ ደብተሩን ክፈቱ።

ሦስት፦ እምቢታውን ለዩ

የመመሪያው ዋና ቦታ ይህ ነው። ጣቢያ የሚላቸው ነገሮች ብዙ ቢመስሉም ዓይነታቸው ጥቂት ነው።

*ዝምታ።* ከሁሉም የበዛው ይህ ነው፤ ከሁሉም ያነሰ ትርጉም ያለውም ይህ ነው። ብዙ ጊዜ ዝምታ ማለት አልተነበበም ማለት ነው። ድራማ የሚገመግመው ሰው ፕሮግራምም ያዘጋጃል፣ ስብሰባም ይገባል፣ በዓል ሲመጣ ልዩ ዝግጅት ይጫነዋል። በዝምታ ምክንያት ድርሰትን መቀየር ያልታየን በሽታ ማከም ነው። ዝምታ ካጋጠማችሁ ወደ ደረጃ አራት ሂዱ፤ ድርሰቱን አትንኩ።

*«ስፖንሰር ይዛችሁ ኑ።»* ብዙ ጀማሪ ይህን እንደ ስድብ ይወስደዋል። የአሠራሩ ጉዳይ ነው። ብዙ ጣቢያ የአየር ሰዓቱን ከጣቢያው ውጭ ላሉ አዘጋጆች ይሸጣል ወይም የማስታወቂያ ገቢ ይካፈላል። ድራማውን አሠርቶ፣ ስፖንሰር ፈልጎ የሚያመጣው ፕሮዲዩሰር ነው። ጣቢያው ስፖንሰር ሲጠይቃችሁ እንደ ፕሮዲዩሰር አይቷችኋል ማለት ነው። እናንተ ጸሐፊ ናችሁ፤ ስለዚህ በሩን ተሳስታችኋል። መፍትሔው ድራማ የሚያሠሩ ድርጅቶችን መፈለግ ነው። የምትወዱት ድራማ ሲያልቅ የሚወጣውን የስም ዝርዝር እስከ መጨረሻው እዩ። ፕሮዲዩሰሩና ድርጅቱ እዚያ ላይ ተጽፏል። ከዚያ የተሻለ አድራሻ የለም።

*«ጥሩ ነው፣ ግን ለእኛ አይሆንም።»* ይህ ሁለት ትርጉም አለው። አንዱ ትህትና ነው፤ አልወደዱትም። ሁለተኛው እውነት ነው፦ ተመሳሳይ ድራማ በእጃቸው አለ፣ ወይም ጣቢያው በትርጉም ድራማ ላይ የሚሠራ ነው። ካና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሲጀምር በአማርኛ የተቀዱ የውጭ ድራማዎችን ይዞ ነው የመጣው፤ እንዲህ ላለ ጣቢያ አገርኛ ተከታታይ ይዞ መሄድ ሌላ ስሌት ይፈልጋል። ከመላካችሁ በፊት ጣቢያውን ሁለት ሳምንት በደንብ ተመልከቱ ወይም አዳምጡ። ምን ያህል ደቂቃ ነው? በሳምንት ስንት ጊዜ? ለማን ነው? ሳትሰሙት የላካችሁበት ጣቢያ «ለእኛ አይሆንም» ቢል ልክ ነው።

*«ይከብዳል» ወይም «ወጪው አይቻልም።»* ይህን የሚላችሁ ሰው አንብቦታል። ደስ ይበላችሁ። አንድ ልጅ ያመጣልኝ የቴሌቪዥን ድርሰት ክፍል አንድ ላይ በጅሬን ቤተ መንግሥት ግቢ፣ በምሽት፣ በዝናብ፣ ሃምሳ ፈረሰኛ ያስገባ ነበር። ትዕይንቱ ያምራል። ፈረሱን ማን ይቀልባል? ለሃምሳ ሰው አበል ማን ይከፍላል? መብራቱስ ዝናብ ውስጥ? ይኸው ትዕይንት ለሬዲዮ ቢሆን የኮቴ ድምፅና የዝናብ ድምፅ ነው፤ አንድ ቀን ስቱዲዮ ውስጥ ያልቃል። «ወጪ» ከተባላችሁ ድርሰቱን ወይ ወደ ሬዲዮ አዙሩት፣ ወይ በጥቂት ቤትና በጥቂት ሰው አድርጋችሁ ጻፉት። ጅማ ላይ የሚቀረጽ ድራማ ለአዲስ አበባ ቡድን የመንገድና የማደሪያ ወጪ እንዳለበትም አትርሱ። ታሪኩ የግድ ጅማ መሆን ካለበት ይሁን፣ እኔም እሱን ነው የምመርጠው፤ ግን ውጭ የሚቀረጹትን ትዕይንቶች ሰብሰብ አድርጓቸው።

*«አሻሽለህ አምጣ።»* ይህ እምቢታ አይደለም! ስንቱ ነው ይህን ሰምቶ ተኮራርፎ የቀረው። «ምኑን ላሻሽል?» ብላችሁ ጠይቁ፣ ጻፉ፣ ቀን ንገሩ፣ በቀኑ አድርሱ።

*«እስከ መጨረሻ ይዘልቃል?»* ተከታታይ ድራማ ለሚያስገባ ሰው የሚመጣ ጥያቄ ነው። ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. በሬዲዮ የተላለፈው «የቀን ቅኝት» 257 ክፍል ነበረው። እናንተ ያን ያህል አትጠየቁም። ሦስት ወር ማለት በሳምንት አንድ ጊዜ 13 ክፍል ነው። ሦስት ክፍል ብቻ ጽፎ «የቀረውን ሲፈቀድ እጽፋለሁ» ያለ ሰው ላይ ማንም የአየር ሰዓት አያስይዝም። የሁሉንም ክፍል ፍሬ ነገር ለእያንዳንዱ ግማሽ ገጽ ጻፉና አያይዙ።

*«ይዘቱ ከኤዲቶሪያል ፖሊሲያችን ጋር አይሄድም።»* የትኛው ትዕይንት እንደሆነ ጠይቁ። አንድ ትዕይንት ከሆነ አውጡት ወይም አለሳልሱት። ታሪኩ በሙሉ ከሆነ ጣቢያ ቀይሩ፤ ከዚያ ጣቢያ ጋር መከራከር ትርፍ የለውም።

*«ለግምገማ ይህን ያህል ክፈሉ።»* ይህን የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ደህና ዋሉ በሉት። በግል ስልክ የሚጠየቅ «የማስገምገሚያ» ገንዘብ ድራማ አያስተላልፍም።

አራት፦ ደውሉ፣ ግን እንዲህ

ከአንድ ወር በፊት አትደውሉ። ሰኞ ጠዋት አትደውሉ፣ ስብሰባ ነው። ዓርብ ከሰዓት በኋላ አትደውሉ፣ ሰው የለም። ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ ጥሩ ነው።

ስልኩን ለምታነሳው ሴት እንዲህ በሉ፦

«ጤና ይስጥልኝ እህቴ፣ ከጅማ ነው የምደውለው። ባለፈው ወር አንድ የሬዲዮ ድራማ አስገብቼ ነበር፣ የገቢ ቁጥሩን ልንገርሽ። ለየትኛው ክፍል እንደተመራ ታይልኛለሽ?»

ስሟን ጠይቁና ደብተሩ ላይ ጻፉ። በሚቀጥለው ጊዜ በስሟ ጥሯት። መዝገብ ቤት ያለች ሰው ከኃላፊው ይልቅ ድርሰቱ የት እንዳለ ታውቃለች።

አንብበው «አይሆንም» ያሉትን ሰው ካገኛችሁ ደግሞ «ለምን?» አትበሉ። «ለምን» ክርክር ይጋብዛል፤ ሰውየውም ለመገላገል «በአጠቃላይ ደካማ ነው» ይላል። ከዚህ ምንም ጠብ አይልም። ይልቅ ይህችን ጠይቁ፦

«ስላነበቡልኝ አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎ፦ ሲያነቡ የሰለቸዎት የት ላይ ነው?»

ሰው ፍርድ መስጠት ይፈራል፣ ቦታ መጠቆም ግን አይከብደውም። «እ… ሠርጉ ላይ መሰለኝ» ካለ በቂ ነው። ችግሩ ብዙ ጊዜ ከሠርጉ ሁለት ሦስት ትዕይንት በፊት ነው ያለው። ሰው የሚሰለቸው ነገሩ ከተበላሸ ትንሽ ቆይቶ ነው።

ሁለት ጊዜ ደውላችሁ፣ አንድ ጊዜ ኢሜይል ልካችሁ መልስ ከሌለ በትህትና «ድርሰቱን ለሌላ ጣቢያ ማቅረቤን አሳውቃለሁ» ብላችሁ ጻፉና ላኩት ለሌላ። ከዚያ በኋላ በዚያ ጣቢያ ቅር አትሰኙ፤ የሚጠብቃችሁ ሥራ አለ።

አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ ደጅ መጥናትስ? እኔ አልመክርም። ለሌላ ጉዳይ ከሄዳችሁ ጎራ በሉ፤ ለዚህ ብቻ አውቶብስ መሳፈር ግን የኪስም የልብም ክሳራ ነው። ቀጠሮ ከሰጧችሁ ብቻ ሂዱ፣ ከመሳፈራችሁ አንድ ቀን በፊት ደውላችሁ አረጋግጡ።

አምስት፦ ጮክ ብሎ ማስነበብ

አንድ ሰው «አልወደድኩትም» ቢል ምርጫ ነው። ሦስት ሰው አንድ ቦታ ላይ ከሰለቸው ግን ድርሰቱ ነው። ይህን ለማወቅ ጣቢያ አያስፈልግም። ቤት ውስጥ ማወቅ ይቻላል።

እሑድ ከሰዓት በኋላ አራት አምስት ሰው ጥሩ፤ ቡና ይፈላ። ሁሉም ጸሐፊ አይሁን። አንድ የቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ተማሪ ከዩኒቨርሲቲው፣ አንዲት ሬዲዮ የምታዳምጥ አክስት፣ አንድ ባጃጅ ነጂ፣ አንድ የሰፈር ቀልደኛ። ገጸ ባህርያቱን አከፋፍሏቸው፣ ያንብቡ። እናንተ ምንም አታንብቡ። ስልካችሁ ላይ ሰዓት አስጀምሩና እርሳስ ይዛችሁ አንባቢዎቹን እዩ። አክስቲቱ ሲኒ ማቅረብ የጀመረችበት ገጽ ላይ ምልክት አድርጉ። ባጃጅ ነጂው ስልኩን ያየበት ገጽ ላይም። ሳትጠብቁ የሳቁበት ቦታ ካለ እሱንም።

ሕጉ አንድ ነው፦ ጸሐፊው አይናገርም። «እዚህ ጋ እኮ ለማለት የፈለግኩት…» ብላችሁ ማስረዳት ከጀመራችሁ ድርሰቱ አልተናገረም ማለት ነው። ሬዲዮ ላይ ደግሞ እያንዳንዱ አድማጭ ጋ ሄዳችሁ አታስረዱም።

በዚህ ዓይነት ንባብ ቶሎ የሚጋለጠው ቃለ ምልልስ ነው። ይህን እዩ፦

አባት፦ ልጄ ሆይ፣ እናትህ ከሞተች እነሆ አምስት ዓመት ሆነ። አንተም ተመርቀህ ሥራ ፈትተህ ተቀምጠሃል። እኔም የቡና ንግዴ ከስሮብኛል።

ልጅ፦ አዎ አባቴ፣ ሁኔታችን እጅግ አሳዛኝ ነው።

ይህን አንባቢው ጮክ ብሎ ሲያነበው ራሱ ያፍራል። አባትና ልጅ ሁለቱም የሚያውቁትን ነገር እየተነጋገሩ ነው፤ የሚያወሩት ለአድማጩ ነው። ያው ታሪክ እንዲህ ቢሆንስ፦

አባት፦ በላህ?

ልጅ፦ አልራበኝም።

አባት፦ ትናንትም አልራበህም።

ልጅ፦ አባዬ፣ መጋዘኑን ዛሬም አልከፈትከውም?

አባት፦ ምን አለበትና ነው የምከፍተው? (ዝምታ) እሷ ብትኖር እንዲህ ተቀምጠህ አትውልም ነበር።

ልጅ፦ እሷ ብትኖር አንተም አትውልም ነበር።

ሞቱም፣ ሥራ አጥነቱም፣ ኪሳራውም አለበት። «አምስት ዓመት» የሚለው ቀርቷል። ማንም አልጠየቀውም።

እግረ መንገዴን፦ ጅማ ውስጥ ሰው አማርኛ ሲያወራ ኦሮምኛ ጣል ያደርጋል። ጠዋት «አካም ቡልቴ» ብሎ በአማርኛ የሚቀጥል ባለሱቅ ስንት አለ። ይህን «ቋንቋው ይጥራ» ብላችሁ አጥባችሁ አታውጡት። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሺህ ድርሰት ውስጥ የማይገኝ ድምፅ ነው። ትርጉሙ ከሁኔታው እስከገባ ድረስ እንዳለ ይቆይ፤ ካልገባ ሌላው ገጸ ባህርይ በመልሱ ይፍታው።

ስድስት፦ ስታሻሽሉ ቅጂ ለዩ

የድሮውን ፋይል ሳታጠፉ በአዲስ ስም አስቀምጡ፤ ርዕስ፣ ቀን፣ ቅጂ ሁለት። ደብተሩ ላይ የትኛው ቅጂ የት እንደሄደ ይጻፍ። አለበለዚያ አንድ ቀን ከጣቢያ ተደውሎ «ያ ሐኪሙ የሚሞትበት» ስትባሉ እናንተ ጋ ያለው ሐኪሙ ያገባበት ይሆናል።

መጀመሪያ የምትቀይሩት ደብተሩና የእሑዱ ንባብ አንድ ላይ የጠቆሙትን ቦታ ነው። ሁለቱም ያልጠቆሙትን አትንኩ። አንድ ሰው ብቻ ያለውን ለይታችሁ አቆዩት፤ ሌላ ሰው ከደገመው ያኔ ይታያል። ለእያንዳንዱ አስተያየት የሚታጠፍ ድርሰት መጨረሻ ላይ የማንም አይሆንም።

ሰባት፦ ሌሎች በሮች፣ አንዳንዶቹ እዚሁ ናቸው

ብዙ ጊዜ ዓይን የሚሄደው አዲስ አበባ ነው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ የማህበረሰብ ሬዲዮ አለው፤ ፋናም ጅማ ላይ የኤፍኤም ጣቢያ አለው። በአካባቢ ጣቢያ ክፍያው አነስተኛ ወይም ጭራሽ ላይኖር ይችላል፣ ልዋሻችሁ አልፈልግም። ግን የተላለፈ የአሥር ደቂቃ ድራማ በእጁ ያለ ሰው ሌላ ጣቢያ ሲሄድ ወረቀት ብቻ ይዞ አይሄድም፤ የሚሰማ ነገር ይዞ ይሄዳል።

ኦሮምኛ የምትጽፉ ከሆነ ደግሞ ዕድሉ እጥፍ ነው። ያው ታሪክ በሁለት ቋንቋ ለሁለት የተለያዩ ጣቢያዎች መቅረብ ይችላል። ቃል በቃል አትተርጉሙት፤ ቀልዱና ስድቡ በየቋንቋው እንደ አዲስ ይጻፍ።

የበዓል ድራማም አትናቁ። ለእንቁጣጣሽ፣ ለገና፣ ለፋሲካ፣ ለኢድ ጣቢያዎች አጭር ያለቀለት ሥራ ይፈልጋሉ። አንድ ክፍል ስለሆነ «ይዘልቃል ወይ?» የሚል ጥያቄ የለም። ከሁለት ሦስት ወር በፊት ማስገባት ነው ዋናው ነገር፤ የበዓሉ ሳምንት ላይ የገባ የበዓል ድራማ ለሚቀጥለው ዓመት ነው። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 እንደሚጀምርም አስቡ። በሰኔ መጨረሻ «በጀት የለም» የተባላችሁበት ሥራ በነሐሴ ሌላ መልስ ሊያገኝ ይችላል።

የትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ፣ የክበብ መድረክ፣ ዩቲዩብ ላይ በሁለት ሰው የተቀረጸ አጭር ድምፅ… እነዚህም አሉ። ዩቲዩብ ላይ ከመጫናችሁ በፊት ግን አስቡበት። አንዳንድ ጣቢያ ቀድሞ የወጣ ሥራ አይፈልግም። ዋናውን ተከታታይ ጠብቁት፣ አጫጭሩን ጫኑ።

ስምንት፦ እየጠበቃችሁ ሁለተኛውን ጻፉ

አንድ ድርሰት ብቻ ያለው ሰው እምቢ ሲባል ሁሉ ነገሩ እምቢ የተባለ ይመስለዋል። ሁለት ያለው ሰው አንዱን ስልክ እየጠበቀ ሌላውን ይጽፋል። ሥራችሁንም አትልቀቁ። ሱቅ ይሁን፣ ማስተማር ይሁን፣ ባጃጅ ይሁን። «ሙሉ ጊዜዬን ለድርሰት» ብሎ ደመወዙን ያቆመ ሰው የጣቢያን ዝምታ ስድስት ወር መቋቋም አይችልም፤ ደመወዝ ያለው ይችላል።

ድርሰቱን መቼ መተው? በተለያየ ቅጂ ለተለያዩ ጣቢያዎች ሄዶ፣ ሁሉም አንብበው፣ ሁሉም አንድ ነገር ካሉ፣ እናንተም አሻሽላችሁት ያው ከተባለ መሳቢያ ውስጥ ይግባ። አትቅደዱት። ከእሱ ውስጥ አንድ ጥሩ ገጸ ባህርይ ሌላ ታሪክ ውስጥ ሥራ ያገኛል።

ዘጠኝ፦ «እሺ» ሲሏችሁ ተጠንቀቁ

ለምን በእምቢታ መመሪያ ውስጥ ይህን አስገባህ ትሉኝ ይሆናል። ብዙ እምቢታ ያየ ሰው የመጀመሪያውን እሺታ ሲያገኝ የቀረበለትን ሁሉ ይፈርማል። እምቢታ ጸሐፊን ከሁሉ በላይ የሚጎዳው እዚህ ጋ ነው። አንድ የማውቀው ልጅ ሲፈርም ደስታው አላስነበበውም፤ ሁለተኛው ዙር ሲሠራ ያለ እሱ ተጻፈ፣ ስሙም አልነበረም።

ውሉ ላይ እነዚህን ፈልጉ። ክፍያው በክፍል ነው ወይስ በጥቅል? የሚከፈለው ስታስረክቡ ነው ወይስ ሲተላለፍ? ሲተላለፍ ከሆነና ሳይተላለፍ ቢቀርስ? ስማችሁ በድርሰት ጸሐፊነት ይጠራል ወይ? የሥራው አመንጪ ተብሎ መታወቅ በአዋጁ የተሰጣችሁ መብት ነው፣ እንደ ውለታ አትለምኑት። ማን ነው መቀየር የሚችለው፣ እናንተን ሳያማክር? በዩቲዩብ ቢጫንና ድጋሚ ቢተላለፍ ምን አላችሁ? ሁለተኛ ዙር ቢኖር መጀመሪያ የሚጠየቀው ማን ነው?

አንዱም ካልተጻፈ «ይጻፍልኝ» በሉ። በቃል የተባለ ነገር ሰውየው ክፍል ሲቀይር አብሮት ይሄዳል። ለማንበብ ሁለት ቀን ጠይቁ፤ ሕግ የሚያውቅ ሰው ጅማ ውስጥ አይጠፋም፣ አሳዩት። ስትፈርሙ እያንዳንዱ ገጽ ላይ ፈርሙ፣ የእናንተን ቅጂ ይዛችሁ ውጡ፣ ፎቶ አንስታችሁ ለራሳችሁ ኢሜይል ላኩ።

ከዚያ ቁጭ ብላችሁ ጻፉ። የመጀመሪያውን ክፍል ስታስረክቡ ቢያንስ ሦስተኛው ተጽፎ ይገኝ። ቀረጻ ከተጀመረ በኋላ ተዋናይ ይታመማል፣ መብራት ይጠፋል፣ ዳይሬክተሩ ትዕይንት ይቀይራል፤ ለአዲስ ክፍል የሚሆን ጊዜ ያኔ አታገኙም።